ቴት ሞደርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጎብኘት

ለንደን ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ቢግ ቤን ነው። ቀጥሎ ቤተ መንግሥቱ፣ ቀጥሎ ገበያ። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ቴት ሞደርን የሚታወሰው ዝናብ ሲጥል ነው። ነፃ ነዋ! እንግዳው ይገባና ከፎቅ ፎቅ ይንከራተታል። እግሩ ሲዝል «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ሥዕል?» ብሎ ይወጣል።

በእንግዳው አልፈርድም። ቤቱ ግዙፍ ነው። ውስጡ ያለውም ብዙው በአንድ እይታ የሚገባ ዓይነት አይደለም። ግን ትንሽ ተዘጋጅቶ ለሄደ ሰው ለንደን ውስጥ እንደሱ የሚያስደስት ሙዚየም የለም ብዬ እከራከራለሁ። ዋናው ነገር ሁሉንም ለማየት አለመሞከር ነው። አምስት ሥራ በደንብ አይታችሁ ውጡ። መግቢያው ነፃ ስለሆነ የቀረው የትም አይሄድም፤ ነገም ተመልሳችሁ መግባት ትችላላችሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡ

ሙዚየሙ የሚከፈተው በእነሱ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ነው፤ በእኛ 4 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ዓርብና ቅዳሜ ግን እስከ 3 ሰዓት ያመሻል። ከዲሴምበር 24 እስከ 26 ዝግ ነው። የእኛ ገና ዕለት ክፍት ነው፤ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ላደረ ሰው ግን አልመክርም።

ሰዓቱን እንዲህ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችሁን በር ላይ የምትቀጥሩት ከሆነ «በማን ሰዓት?» የሚለውን ቀድማችሁ ጨርሱ። የኤግዚቢሽን ቲኬት ላይ ከሰዓት በኋላ 3:00 ቢል በእኛ 9 ሰዓት ነው።

ፀጥታ ለሚፈልግ ሰው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን፣ በሩ እንደተከፈተ መግባት የመሰለ የለም። ትንሽ ቆይቶ የተማሪ ቡድን ይመጣል። ቅዳሜ ቀን፣ በተለይ ዝናብ ካለ፣ ሰው በሰው ነው። ዓርብ ምሽት ደግሞ ወጣቱ ይበዛል። ከሥራ በቀጥታ ለሚሄድ ሰው ግን ጥሩ ነው።

2. ቲኬት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ለቋሚው ስብስብ አያስፈልግም። ቀጠሮም ቲኬትም ሳትይዙ በቀጥታ ትገባላችሁ። የሚከፈለው ለልዩ ኤግዚቢሽኖች ብቻ ነው። ዋጋቸው እንደየኤግዚቢሽኑ ይለያያል፤ 20 ፓውንድ አካባቢ ያዙ። ዕድሜያችሁ ከ16 እስከ 25 ከሆነ ቴት ኮሌክቲቭ የሚባለው ውስጥ በነፃ ተመዝገቡ፤ ያኔ በ5 ፓውንድ ትገባላችሁ። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር በነፃ ይገባሉ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የሚከፈልበትን ኤግዚቢሽን ይተወው። ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው «ገንዘቤን ላውጣ» እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጨነቃል። ለነፃው ጉልበት አይተርፈውም። በር አካባቢ የመዋጮ ሣጥን ታያላችሁ። መስጠት የፈለገ ይሰጣል፤ ሳይሰጥ ያለፈውንም ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ቴት ድረ ገጹ ላይ የእያንዳንዱ ሥራ ገጽ አለው። ሥራው አሁን ለዕይታ ወጥቶ ከሆነ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ጭምር ይናገራል። ልታዩት የምትፈልጉትን ሥራ ስሙን አስገብታችሁ ፈልጉት። ሥራዎቹ ይነሣሉ፣ ይቀየራሉ፣ ለሌላ ሙዚየም ይዋሳሉ። ሳያረጋግጡ ሄዶ «የለም» መባል ያበሳጫል።

3. መንገዱ

የሚቀርቡት ጣቢያዎች ሳውዝዋርክ እና ብላክፍራያርስ ናቸው። እኔ ግን ሴንት ፖልስ ወርዳችሁ በእግር እንድትመጡ እመክራለሁ። ከካቴድራሉ ጎን ወደ ወንዙ ስትወርዱ የእግረኞች ብቻ የሆነው ሚሌኒየም ድልድይ ይጀምራል። ከቴምዝ ማዶ ቀጥ ያለ የጡብ ጭስ ማውጫ ታያላችሁ፤ ቁመቱ 99 ሜትር ነው። ሙዚየሙ እሱ ነው። መንገድ መጠየቅም አያስፈልግ።

ድልድዩ ራሱ ታሪክ አለው። በ2000 ሲከፈት ሕዝቡ እየተራመደ ሳለ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዝ ጀመር። ከሁለት ቀን በኋላ ተዘጋ፤ ታርሞ እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። አሁን አይነቃነቅም፤ እናታችሁን ይዛችሁ መሻገር ትችላላችሁ።

ለባቡሩ የባንክ ካርድ ይበቃል። ሲገቡም ሲወጡም ማንበቢያው ላይ ማስነካት ግድ ነው፤ ያውም ያንኑ ካርድ። በካርድ ገብቶ በስልክ መውጣት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሠራም። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር በነፃ ይሳፈራሉ፤ አንድ ሰው እስከ አራት ልጅ ይዞ መግባት ይችላል።

4. በትክክለኛው በር ግቡ

በሮቹ ብዙ ናቸው። በወንዙ በኩል ያለው ቅርብ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በእሱ ይገባል። እናንተ ግን ጥቂት እርምጃ ጨምራችሁ ወደ ምዕራቡ በር ዙሩ፤ ሆላንድ ስትሪት ላይ ያለው ነው። እዚያ ደረጃ የለም፤ ሰፊ ቁልቁለት ነው፣ ለዊልቸርም ለሕፃን ጋሪም የሚመች። ቁልቁል ስትወርዱ ተርባይን ሆል የሚባለው ትልቁ አዳራሽ ከፊታችሁ ይከፈታል። ርዝመቱ 150 ሜትር ያህል፣ ከፍታው 35 ሜትር ነው። ስንቱ ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ልብ በሉ።

ቦታው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ንድፉን የሠራው ጊልበርት ስኮት ነው፤ የእንግሊዝን ቀይ የስልክ ሣጥን የነደፈው ሰው። ማመንጫው በ1981 ተዘጋና ባዶውን ቆየ። ሄርዞግ እና ደ ሜሮን የተባሉት የስዊስ አርክቴክቶች ወደ ሙዚየምነት ቀይረውት በግንቦት 2000 ተከፈተ። ተርባይኖቹ ተነሥተው የቀረው ባዶ ቦታ ነው አሁን የቆማችሁበት።

ቦርሳ ሊፈተሽ ይችላል። ሻንጣ ይዛችሁ ከኤርፖርት በቀጥታ አትምጡ።

5. ወደ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መሬቱን እዩ

ይሄን ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል። የተርባይን ሆል ወለል ላይ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ፣ በረጅሙ የሚሄድ ጠባሳ አለ። አንዳንድ ቦታ እንደ ክር ቀጭን ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሰፋ ይላል፣ ቅርንጫፍም ያወጣል። ቀለሙ ከዙሪያው ትንሽ ይለያል። ጎንበስ ብላችሁ ተከተሉት።

በ2007 ዶሪስ ሳልሴዶ የምትባል የኮሎምቢያ አርቲስት ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀችው። ስንጥቁ 167 ሜትር ርዝመት ነበረው። ሥራዋን «ሺቦሌት» አለችው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ያነበበ ያስታውሰዋል፦ የዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቃሉን በትክክል መጥራት ያልቻለ ይታረድ ነበር። እሷ የምትለው አውሮፓ ድንበር ላይ ስለሚቆም ስደተኛ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ስንጥቁ ተሞላ፤ ምልክቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ተሰልፎ ለሚያውቅ አበሻ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

አዳራሹ በየጊዜው ለአንድ አርቲስት ይሰጣል። በ2003 ኦላፉር ኤሊያሰን ሰው ሠራሽ ፀሐይ ሰቅሎበት ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ይሞቅ ነበር፤ ሙቀት ባይኖረውም። በ2010 አይ ዌይዌይ ከሸክላ በእጅ የተሠሩ 100 ሚሊዮን የሱፍ ፍሬዎች አፈሰሰበት። ጎብኚው መጀመሪያ እንዲራመድበት ተፈቅዶ ነበር፤ አቧራው ጤና ይጎዳል ተብሎ ወዲያው ተከለከለ። በ2023 ጋናዊው ኤል አናትሱይ ከጠርሙስ ቆርኪ የሠራውን ግዙፍ መጋረጃ ሰቀለ። እናንተ ስትሄዱ ምን እንዳለ ይለያያል። በሁለት ሥራዎች መካከል ባዶውን ካገኛችሁትም አትዘኑ፤ ባዶው አዳራሽ ራሱ መታየት ያለበት ነው።

6. ሕንፃዎቹን ለዩ

ሁለት ናቸው። በወንዙ በኩል ያለው ናታሊ ቤል ይባላል። ስሙ በ2018 የተሰጠው ለሰፈሩ ሰው ብዙ ለደከመች ሴት ክብር ነው፤ የመረጡትም የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው። ከኋላ ያለው፣ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚጠብበው፣ ብላቫትኒክ ነው፤ የተከፈተው በ2016 ነው።

ሰው የሚጠፋው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። በምድር ቤቱ በተርባይን ሆል በኩል ይገናኛሉ፤ ላይ ደግሞ 1ኛና 4ኛ ፎቅ ላይ መሻገሪያ ድልድይ አለ። 3ኛ ፎቅ ሆናችሁ መሻገሪያ ብትፈልጉ አታገኙም። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ ያስጠብቃል፤ እግሩ የሚችል በደረጃ ይሂድ። በተንቀሳቃሽ ደረጃው ላይ በቀኝ ቁሙ፣ ግራውን ለሚቸኩል ልቀቁ። ለንደን ውስጥ ይሄን መርሳት በዓይን ያስገርፋል።

ክፍሎቹ በዘመን ቅደም ተከተል አልተደረደሩም። በጭብጥ ነው። የ1920ዎቹ ሥዕል አጠገብ የአምና ቪዲዮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ «ከየት ልጀምር?» ብሎ መጨነቅ የለም።

7. አራት አምስት ሥራ ምረጡ

የእኔን ምርጫ ልንገራችሁ። ወጥተው እንደሆነ በድረ ገጹ አረጋግጡ።

አንደኛው «ባቤል» ነው። ሲልዶ ሜሬሌስ የተባለ ብራዚላዊ በ2001 የሠራው። ጨለም ብሎ ሰማያዊ ብርሃን ያለበት ክፍል ትገባላችሁ። መሐል ላይ አምስት ሜትር የሚሆን ክብ ግንብ ቆሟል። ግንቡ በሙሉ ራዲዮ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር። ሁሉም በርተዋል፣ እያንዳንዱ ሌላ ሌላ ጣቢያ ላይ ነው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ከበሩ ላይ ስትሰሙት የለቅሶ ቤት ጉርምርምታ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ጆሯችሁን ስትሰጡ አንዱ ዜና፣ አንዱ ዘፈን፣ አንዱ ጩኸት ብቻ። ከታች ያሉት ትልልቆቹ አሮጌ ራዲዮዎች ናቸው፤ ድሮ ሳሎን ውስጥ ጥልፍ ለብሰው የሚቀመጡት ዓይነት። ወደ ላይ እየቀለሉ፣ እያነሱ፣ ዘመናዊ እየሆኑ ይሄዳሉ። የባቢሎንን ግንብ ታሪክ ለማያውቅ ሰው መግለጫው ያስረዳዋል፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ ዙሩት፣ ከዚያ ቁሙ። ልጆችም ይወዱታል።

ሁለተኛው የጁሊ ምሕረቱ ሥራ ነው። ጁሊ በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች፤ በ1977 ቤተሰቧ ወደ አሜሪካ ሄደ። ዛሬ በዓለም ስማቸው ከሚጠራ ሠዓሊዎች አንዷ ናት። በ2012 «ሞጋማ» የሚባሉ አራት ግዙፍ ሥዕሎች ሠራች፤ አንዱ በቴት እጅ ነው። ቁመቱ ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ነው። ስሙ ካይሮ ታህሪር አደባባይ ላይ ካለው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከነበረው ሕንፃ የመጣ ነው። ሥዕሎቹ አብዮት የተካሄደባቸውን አደባባዮች ንድፍ አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርባሉ፤ መስቀል አደባባይም አለበት፣ ሯጮች ጠዋት ጠዋት የሚሮጡበት እርከኑ ጭምር።

ይሄን ሥዕል ለማየት መራመድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጭስ ነው የሚመስለው፤ ግራጫ፣ የሚበተን። ቀረብ ስትሉ በማስመሪያ የተሠመሩ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ፦ መስኮት፣ ዓምድ፣ ደረጃ። ይበልጥ ስትቀርቡ ከመስመሮቹ በላይ በእጅ የተጫሩ ጥቋቁር የቀለም ምልክቶች አሉ። እንደገና ወደ ኋላ ስትሉ ሕንፃዎቹ ይጠፋሉ። ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሱ፤ ማንም አይታዘባችሁም።

ሦስተኛው ጡብ ነው። አዎ፣ ጡብ። ካርል አንድሬ በ1966 የፀነሰው ሥራ 120 የእሳት ጡቦች በሁለት ድርብ መሬት ላይ ተደርድረው ነው። ቴት በ1972 ገዛው። በ1976 ጋዜጦች «የሕዝብ ገንዘብ ለጡብ!» ብለው ጮኹ፤ አንድ ጎብኚም ሰማያዊ ቀለም ደፋበት። «ይሄንማ የእኔም ልጅ ይሠራዋል» የሚለው ክርክር ከተነሣባቸው ሥራዎች አንዱ ይሄ ስለሆነ ማየት ይጠቅማል። እኔ ብዙ አልቆምበትም። ግን አብሮኝ ያለ ግንበኛ ቢሆን አስተያየቱን መስማት እፈልጋለሁ።

የማርክ ሮትኮ ክፍል ካለ ደግሞ አትለፉት። ጥቁር ቀይና ወደ ቡናማ ያደላ ቀይ የሆኑ ትልልቅ ሥዕሎች ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ላለ ውድ ምግብ ቤት ታዝዘው ነበር፤ ሮትኮ ሐሳቡን ቀይሮ ውሉን ተወና ከፊሎቹን ለቴት ሰጠ። ክፍሉ የጨለመው መብራት ሄዶ አይደለም፤ እሱ እንዲህ እንዲሆን ፈልጎ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ምንም አይታያችሁም፤ አምስት ደቂቃ ስጡት።

8. መጀመሪያ እዩ፣ በኋላ አንብቡ

ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን መግለጫ አንብቦ፣ ሥዕሉን በጨረፍታ አይቶ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ገልብጡት። አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ መግለጫ ቁሙ። ከምን ተሠራ? ከቦታ ቦታ ብራመድ ይቀየራል? ምን አስታወሰኝ? ያስታወሳችሁ ነገር የማይገናኝ ቢመስላችሁም ያዙት።

ከዚያ መግለጫውን አንብቡ። አቀማመጡ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ የአርቲስቱ ስም፣ የተወለደበት ዓመትና አገር። ቀጥሎ የሥራው ርዕስና ዓመት። ቀጥሎ የተሠራበት ነገር፦ ዘይት ቀለም፣ ብረት፣ ቪዲዮ። መጨረሻ ላይ ሙዚየሙ እንዴት እንዳገኘው ይነግራችኋል፤ ተገዝቶ፣ በስጦታ ወይም በውሰት። እኔ ይቺን የመጨረሻዋን መስመር እወዳታለሁ። ማን ለማን ምን እንደሰጠ ስታነቡ የገንዘቡን መንገድ ታያላችሁ።

ካልገባችሁ ክፍሉ ውስጥ የቆሙትን ሠራተኞች ጠይቁ። ለጥበቃ ብቻ የቆሙ አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ ስለ ሥራዎቹ ያውቃሉ፤ ሲጠየቁም ደስ ይላቸዋል። «አልወደድኩትም» ማለትም መብታችሁ ነው። ለምን እንዳልወደዳችሁት አብሯችሁ ለሄደው ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ሥራውን አይታችሁታል።

ፎቶ በቋሚው ስብስብ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ፍላሽና ትራይፖድ ግን አይቻልም። ልዩ ኤግዚቢሽን ላይ በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። የጀርባ ቦርሳ ያዘለ ሰው ወደ ፊት ያድርገው፤ ዞር ሲል ሥራ እንዳይመታ። አትንኩ። እጅ የሚበላ ነገር ብዙ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አትንኩ።

9. ልጅ ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ

ከልጅ ጋር ሁለት ክፍል ይበቃል፤ የቀረውን ተርባይን ሆል ይሩጥበት። እዚያ መሬት ላይ መቀመጥ ነውር አይደለም። ወረቀትና እርሳስ ስጡትና የወደደውን ይሣል። ከእናት ወይም ከአባት ጋር ስትሄዱ ደግሞ በየክፍሉ አግዳሚውን ቀድማችሁ ፈልጉ። ዊልቸር የሚያስፈልግ ከሆነ መረጃ ዴስኩ ጋ ጠይቁ።

ምድር ቤት ያሉትን ታንኮች እንዳትረሱ። የድሮ የነዳጅ ማከማቻዎች ናቸው፤ ክብ፣ ጥሬ ኮንክሪት። አሁን ለቪዲዮና ለትርዒት ያገለግላሉ። ለአዛውንት ደረጃ ስለማያስወጣ ይመቻል፤ ድምፁ ግን ጠንከር ሊል ይችላል።

10. ጉልበት ከማለቁ በፊት ውጡ

አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይን ያያል እንጂ አይቀበልም።

ብላቫትኒክ 10ኛ ፎቅ ላይ የከተማ መመልከቻ አለ። ጎረቤት ያሉ የመስታወት አፓርታማ ነዋሪዎች «ሳሎናችን ውስጥ እየገቡ ነው የሚያዩን» ብለው ከስሰው፣ በ2023 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈርዶላቸዋል። ስለዚህ ክፍት መሆኑንና በየት በኩል እንደሚታይ ታች ጠይቃችሁ ውጡ።

ካፌው እንደማንኛውም የሙዚየም ካፌ ውድ ነው። የራበው ሰው በወንዙ ዳር ወደ ምሥራቅ ይራመድ፤ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቦሮ ማርኬት ይደርሳል። የመጽሐፍ ሱቁ ግን ጥሩ ነው። መጽሐፎቹ ከከበዷችሁ፣ በዋጋም በኪሎም፣ የወደዳችሁትን ሥራ ፖስት ካርድ ፈልጉ።

የእግር ጉልበት የተረፈው ደግሞ በሩ ላይ ካለው ባንክሳይድ ፒየር ጀልባ ተሳፍሮ ሚልባንክ ይውረድ። እዚያ ቴት ብሪቴን አለ፤ የቆየው የእንግሊዝ ሥዕል ያለበት ሌላው ቤት። እሱም ነፃ ነው። ጀልባው ግን ይከፈልበታል፤ የባቡሩ የባንክ ካርድ ይሠራል፣ እዚህም ስትሳፈሩና ስትወርዱ መንካት አትርሱ።